በኤፒዴሚዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት፦ የመግቢያ መስፈርቶችና የማመልከቻ ቅደም ተከተል

ይህ መረጃ በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በጤና ምርምር መስክ፣ በተለይም በኤፒዴሚዮሎጂ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመከታተል ለሚያመለክቱ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። አመልካቾች ምን ማሟላት እንዳለባቸው፣ እያንዳንዱ ማስረጃ ከየትኛው ተቋም እንደሚገኝ፣ መስፈርቱ ለምን እንደተቀመጠና ዝግጅቱ በምን ቅደም ተከተል ቢከናወን እንደሚሻል ያብራራል። ዝርዝር የመቀበያ ቁጥር፣ የክፍያ መጠንና የምዝገባ ቀን በየዓመቱ በሚወጣው የጥሪ ማስታወቂያ ስለሚወሰኑ በዚህ ጽሑፍ አልተካተቱም።

አመልካቾች ከሁሉ አስቀድመው ሊገነዘቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከመስፈርቶቹ ገሚሱ በአመልካቹ ጥረት ብቻ የሚሟሉ አይደሉም። የትምህርት ማስረጃው ከተማሩበት ተቋም፣ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤት፣ የአቻ ግመታው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚመጣ ነው። ለፈተና ጠንክሮ የተዘጋጀ ባለሙያ አንድ ደብዳቤ በወቅቱ ባለመድረሱ ዓመቱ ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሌሎች ከሚሰጧቸው ማስረጃዎች መጀመር ይኖርበታል።

1. የትምህርት መስኩና የሥልጠና ዓይነቶች

ኤፒዴሚዮሎጂ በሽታና ሌሎች የጤና ችግሮች በማን ላይ፣ የት፣ መቼና ለምን እንደሚከሰቱ የሚያጠናና ግኝቱን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የሚያውል የጤና ሳይንስ ዘርፍ ነው። ሐኪም አንድን ታካሚ ሲመረምር ኤፒዴሚዮሎጂስት አንድን ማኅበረሰብ ይመረምራል። ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ 3,000 ነዋሪ ባለው ቀበሌ 30 የወባ ሕሙማን፣ 10,000 ነዋሪ ባለው ቀበሌ ደግሞ 50 ሕሙማን ቢመዘገቡ፣ በቁጥር የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ግን በመጀመሪያው ቀበሌ ከ1,000 ሰዎች 10፣ በሁለተኛው ከ1,000 ሰዎች 5 ታመዋል። አጎበርና መድኃኒት ቀድሞ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚወሰነው ይህን ልዩነት ለይቶ በሚያውቅ ባለሙያ ነው።

በአገራችን የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በማሠልጠን ፈር ቀዷል። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በመስኩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣሉ። አመልካቾች የሚከተሉትን የሥልጠና ዓይነቶች ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል።

• በኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ዲግሪ፣ በኤፒዴሚዮሎጂ ትኩረት፦ የክፍል ትምህርትና የመመረቂያ ጥናትን ያካተተ ነው። በአንዳንድ ተቋማት ከባዮስታትስቲክስ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል።

• በመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ የማስተርስ ዲግሪ፦ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሆኖ አብዛኛው ጊዜ በሥራ ላይ ሥልጠና የሚያልፍ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ሲሆን ከዩኒቨርሲቲዎች በተጨማሪ የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሳተፉበታል።

• የመጀመሪያ ደረጃ የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ሥልጠና፦ ሦስት ወር ገደማ የሚወስድ፣ በወረዳና በጤና ተቋማት በበሽታ ቅኝት ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ሥልጠና ነው። ዲግሪ አያሰጥም፤ ሠልጣኙም ከሥራ ገበታው አይለይም።

የሚከተሉት ክፍሎች በዋናነት የማስተርስ ዲግሪ አመልካቾችን ይመለከታሉ።

2. የመጀመሪያ ዲግሪ

አመልካቹ ዕውቅና ካለው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በጤና ወይም በተዛማጅ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። በአብዛኛው ተቀባይነት ያላቸው መስኮች ሕክምና፣ የኅብረተሰብ ጤና፣ ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ፣ ፋርማሲና የአካባቢ ጤና ናቸው። ወባን፣ የእብድ ውሻ በሽታንና አንትራክስን የመሳሰሉ በሽታዎች በነፍሳት ወይም በእንስሳት ስለሚተላለፉ የእንስሳት ሕክምና ምሩቃን በተለይ ወደ መስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ትምህርት እንዲገቡ የሚፈቅዱ ተቋማት አሉ። የስታትስቲክስ ምሩቃን በበኩላቸው ባዮስታትስቲክስን ቢመለከቱ ይበልጥ ይስማማቸዋል።

ዲግሪው እንደተገኘበት ጊዜ፣ አመልካቹ የመውጫ ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ሁሉ ተግባራዊ የሆነ ሲሆን የማለፊያ ነጥቡ 50 ከመቶ ነው። ከዚያ በፊት የተመረቁ አመልካቾች የመውጫ ፈተና ውጤት አይጠየቁም። የመውጫ ፈተና ከጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና የተለየ መሆኑን ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ለምረቃ፣ ሁለተኛው ለሙያ ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ አንዱ ማስረጃ ሌላውን አይተካም። በጤና ተቋም ተቀጥረው የሚሠሩ አመልካቾች ያልተቃጠለ የሙያ ሥራ ፈቃድ በእጃቸው መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

3. የመግቢያ ፈተናዎች

ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚገባ አመልካች በትምህርት ሚኒስቴር የሚመራውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ ጋት እየተባለ የሚጠራውን፣ ማለፍ ይጠበቅበታል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን የሚመዝነው የሙያ ዕውቀትን ሳይሆን የቋንቋ፣ የስሌትና የምክንያታዊ አስተሳሰብ ችሎታን ነው። ለዚህም ጥሩ ነርስ ወይም ልምድ ያለው የጤና መኮንን መሆን ብቻውን አይበቃም። በፈተናው ስክሪን ላይ ሰዓት እየተቆጠረ የተጻፈን አንቀጽ በፍጥነት አንብቦ መረዳትና ያለ ረጅም ስሌት መገመት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ አመልካቾች ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት በጊዜ ገደብ እንዲለማመዱ ይመከራል።

የጋት ፈተናን ማለፍ የመወዳደር መብት ይሰጣል እንጂ የትምህርት ቦታ አያረጋግጥም። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ወይም የትምህርት ክፍሉ የራሱን የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ ወይም ሁለቱንም ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ደረጃ የሚጠየቀው በመጀመሪያ ዲግሪ የተሰጠ የኤፒዴሚዮሎጂ፣ የባዮስታትስቲክስና የምርምር ዘዴ ትምህርት ነው። አመልካቾች በተለይ የሚከተሉትን እንዲከልሱ ይመከራል።

• የመጠን መለኪያዎች፦ አዲስ የተከሰተ በሽታ መጠን ከነባሩ የሚለይበት፣ የንጽጽር ስጋት የሚሰላበት መንገድ፤

• የጥናት ዓይነቶች፦ አንድ ጊዜ የሚደረግ ዳሰሳ፣ ሕሙማንን ከጤነኞች የሚያነጻጽር ጥናት፣ በጊዜ ሂደት የሚከታተል ጥናትና የሙከራ ጥናት፣ እያንዳንዱ ሊመልስ የሚችለውና የማይችለው ጥያቄ፤

• የስህተት ምንጮች፦ የናሙና አመራረጥ አድሏዊነት፣ የማስታወስ ስህተትና የአደናጋሪ ምክንያቶች ተጽዕኖ፤

• የናሙና መጠን ስሌት።

ስለ መጨረሻው ነጥብ አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ችግር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ ቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ መጠኑ 50 ከመቶ ነው ተብሎ ይወሰዳል። የመተማመኛ ደረጃው 95 ከመቶ፣ የሚፈቀደው የስህተት ህዳግ 5 ከመቶ ሲሆን የናሙናው መጠን 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ 0.05 በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ 384.16 ነው፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 385 ይሆናል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 ከመቶ ሲጨመርበት 424 ይደርሳል። ፈታኙ የሚፈልገው ቁጥሩን በቃል መያዝን ሳይሆን 50 ከመቶ ለምን እንደተመረጠ ማስረዳትን ነው። ምክንያቱም መጠኑ 50 ከመቶ ሲሆን የሚያስፈልገው ናሙና ከሁሉም ስለሚበልጥ፣ እውነተኛው መጠን ምንም ቢሆን ናሙናው አያንስም።

4. የትምህርት ማስረጃዎች

አመልካቾች ዲግሪያቸውን ወይም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀታቸውን፣ የተማሪ ትራንስክሪፕት ቅጂና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ይጠየቃሉ። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት በአመልካቹ እጅ የሚሰጥ አይደለም። ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር ታሽጎና ማኅተም ተደርጎበት በቀጥታ ወደሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር የሚላክ ነው። አመልካቹ ፖስታውን ከፍቶ ቢያቀርበው ተቀባይነት አይኖረውም። ከሩቅ አካባቢ የሚላክ ከሆነ የጉዞ ጊዜውን፣ ተቋሙ ስሙን ወይም አደረጃጀቱን ቀይሮ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ የሚገኝበትን ቦታ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በወጪ መጋራት የተማሩ ምሩቃን ግዴታቸውን በክፍያ ወይም በአገልግሎት መወጣታቸውን ወይም በመክፈል ላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቁ ይችላሉ። ክፍያው ከደመወዝ የሚቆረጥ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ክፍልና ገቢውን ከሚሰበስበው የታክስ ባለሥልጣን ጋር ሂሳቡን አስታርቆ ደብዳቤ ማግኘት ይኖርበታል። ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ሊጠየቅ ሲኬድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የማመልከቻው ቀን ተቃርቦ ይገኛል።

የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ምሩቃን ተቋሙ ብቻ ሳይሆን የተማሩበት የትምህርት መስክ፣ በተማሩበት ካምፓስና ጊዜ፣ ዕውቅና የነበረው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባቸዋል። ዕውቅና የሚሰጠው በመስክና በካምፓስ ስለሆነ፣ በአንድ ከተማ ዕውቅና ያለው ፕሮግራም በሌላ ከተማ ላይኖረው ይችላል። ማጣሪያው ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይቀርባል።

በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ማስረጃቸው ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር ያለው አቻነት በዚሁ ባለሥልጣን መገመት አለበት። ለዚህም የትምህርት ማስረጃው በተገኘበት አገር በሚመለከተው አካልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲረጋገጥ ይጠየቃል። በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሕጋዊ ትርጉም ሊያያዝበት ይገባል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አመልካቾች የማረጋገጡን ሥራ እዚያው ሳሉ ቢጨርሱ ይመረጣል፤ ወደ አገር ቤት ከገቡ በኋላ ለአንድ ማኅተም መመለስ ከባድ ወጪ ያስከትላል።

በሁሉም ማስረጃዎች ላይ የአመልካቹ ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም በዲግሪው፣ በትራንስክሪፕቱና በመታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ሬጅስትራሩ ሊያስቆመው ይችላል። ልዩነት ያለው አመልካች ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም እርማት መጠየቅ ወይም በሕግ አግባብ የተረጋገጠ የስም ማስተካከያ ሰነድ ማቅረብ ይኖርበታል።

5. የሥራ ልምድና ስፖንሰርሺፕ

በርካታ የትምህርት ክፍሎች አመልካቹ ከምረቃ በኋላ ያገለገለበትን ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ለመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ደግሞ የሥራ ልምድ ዋነኛ መመዘኛ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ መደቡን፣ የተቀጠሩበትንና የለቀቁበትን ቀን፣ ደመወዙን፣ የሥራ ግብር መከፈሉን፣ የደብዳቤ ቁጥርና ማኅተምን ማካተት ይገባዋል። የሥራ መደቡ ስም ብቻ ሳይሆን ሥራው ቢገለጽ ለአመልካቹ ይጠቅማል። «ነርስ» ከሚል ማስረጃ ይልቅ የጤና ጣቢያውን ሳምንታዊ የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ያጠናቅር እንደነበር የሚገልጽ ማስረጃ ለዚህ መስክ የተሻለ ክብደት አለው።

ትምህርቱ በሦስት መንገዶች ወጪው ሊሸፈን ይችላል። እነዚህም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስፖንሰርሺፕ፣ የሌላ ድርጅት ስፖንሰርሺፕ ወይም በግል መክፈል ናቸው። የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ «እንዲማር ተፈቅዶለታል» ከሚል አጭር መግለጫ በላይ ነው። አመልካቹ ደብዳቤው የሚከተሉትን በግልጽ መመለሱን ያረጋግጥ፦

• የትምህርት ክፍያውንና የምርምር ወጪውን ማን ይሸፍናል?

• በትምህርት ላይ ሳለ ደመወዙ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል?

• ሲመለስ ለምን ያህል ጊዜ የማገልገል ግዴታ አለበት?

• የሥራ መደቡ ይጠበቅለታል?

ግዴታ ያለበት አመልካች ውል ሲፈርም ዋስ ሊጠየቅ ይችላል። ትምህርቱን ቢያቋርጥ ወይም ግዴታውን ሳይፈጽም ቢለቅ ወጪውን የመመለስ ኃላፊነት በእሱና በዋሱ ላይ የሚወድቅ በመሆኑ ውሉን አንብቦ መፈረም የሁለቱም መብትም ግዴታም ነው። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ብቸኛ ባለሙያ ለሁለት ዓመት ሲለይ ሥራው በማን እንደሚሸፈን መሥሪያ ቤቱ ማሰቡ አይቀርም። ጥያቄው በዓመቱ የሥልጠና ዕቅድ ውስጥ ቀድሞ እንዲካተት ያደረገ አመልካች፣ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ከሚጠይቀው የተሻለ ዕድል አለው።

6. የምርምር ሐሳብና የምርምር ሥነ ምግባር

አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ከማመልከቻው ጋር አጭር የምርምር ሐሳብ እንዲቀርብ ወይም በቃለ መጠይቅ እንዲብራራ ይጠይቃሉ። ሐሳቡ ታላቅ ርዕስ መያዝ አይጠበቅበትም። የሚመዘነው ጥያቄው ግልጽ፣ ሊለካና በተማሪ አቅምና ጊዜ ሊጠናቀቅ የሚችል መሆኑ ነው። «በኢትዮጵያ የእናቶች ጤና» የሚለው ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በአንድ ወረዳ ባለፈው ዓመት ከወለዱ እናቶች መካከል በጤና ተቋም የወለዱት ስንት ከመቶ ናቸው? በቤታቸው የወለዱትስ ከእነሱ በምን ይለያሉ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው። ማን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚለካና ውጤቱን ማን እንደሚጠቀምበት ያመለክታል።

አመልካቹ በአገሪቱ ያሉትን የመረጃ ምንጮች ማወቁም ይጠቅመዋል። በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች በአገርና በክልል ደረጃ ለውጥን ለማየት ያስችላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኋላም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ ያቋቋሟቸው የሥነ ሕዝብና ጤና መከታተያ ጣቢያዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በተከታታይ በመመዝገብ ለብዙ ጥናቶች መሠረት ሆነዋል።

የምርምር ሥነ ምግባር በዚህ መስክ የተለየ ክብደት ይሰጠዋል። ተመራማሪው ወደ ሰው ቤት ገብቶ ስለ ሞተ ልጅ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ውጤት፣ ስለ ትዳር ውስጥ ጥቃት ይጠይቃል። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ፣ ተሳታፊውም ዓላማውን ተረድቶ በፈቃዱ መስማማት አለበት፤ ባሰኘው ጊዜም ማቋረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓለም የሐኪሞች ማኅበር የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ የተሳታፊው ደኅንነት ከሳይንስ ጥቅም እንደሚቀድም ይደነግጋል። በቃለ መጠይቅ ወቅት «ተሳታፊዋ ማንበብ የማትችል ብትሆን ፈቃዷን እንዴት ትቀበላለህ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፣ ቅጹ በምትረዳው ቋንቋ እንደሚነበብላት፣ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል እንደሚሰጣትና ምስክር ባለበት የጣት አሻራዋን እንደምታኖር ማስረዳት ይጠበቃል።

7. ለመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ አመልካቾች ተጨማሪ መረጃ

በዚህ ሥልጠና ተማሪው ከጊዜው ሩቡን ያህል በክፍል፣ ቀሪውን በመስክ ያሳልፋል። በመስክ ቆይታው የወረርሽኝ ምርመራ ያካሂዳል፣ የቅኝት መረጃ ይተነትናል፣ የቅኝት ሥርዓቱን ይገመግማል፣ ሪፖርት ይጽፋል። የኮሌራ ወይም የኩፍኝ ወረርሽኝ ሲነሳ ቀኑ በዓል ቢሆንም፣ መንገዱ ቢያስቸግርም ሊሠማራ ይችላል። ስለዚህ መራጮች የአመልካቹን ውጤት ብቻ ሳይሆን ለመስክ ሥራ ያለውን ዝግጁነት፣ በአሁኑ ሥራው ከበሽታ ቅኝትና ከድንገተኛ የጤና አደጋዎች ጋር ያለውን ግንኙነትና የመሥሪያ ቤቱን ድጋፍ ያያሉ። የቤተሰብ ወይም የጤና ሁኔታው ረጅም የመስክ ቆይታ የማይፈቅድለት አመልካች መደበኛውን የኤፒዴሚዮሎጂ ትምህርት ቢመርጥ ይመከራል።

8. የዝግጅት ቅደም ተከተል

የሚከተለው ቅደም ተከተል አመልካቾች ጊዜ እንዳያጥራቸው የተዘጋጀ ነው።

ሀ. የትምህርት ዘመኑ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፦ የስም አጻጻፍን ማመሳከር፤ የወጪ መጋራት ሂሳብን ማጥራት፤ የውጭ አገር ማስረጃ ካለ የማረጋገጥና የአቻ ግመታ ሂደቱን መጀመር፤ የትምህርት ጥያቄን በመሥሪያ ቤቱ የሥልጠና ዕቅድ ማስያዝ።

ለ. የጋት ፈተና ምዝገባ ሲከፈት፦ መታወቂያን አዘጋጅቶ በወቅቱ መመዝገብ፤ የመመዝገቢያ መለያና የይለፍ ቃልን በጥንቃቄ መያዝ፤ ከፈተናው በኋላ ውጤቱን አትሞ ማስቀመጥ።

ሐ. የዩኒቨርሲቲ የጥሪ ማስታወቂያ ሲወጣ፦ ማስታወቂያውን ከዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ገጽ ማንበብ፤ የትምህርት ክፍሉን የተለየ መስፈርት መለየት፤ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት እንዲላክ በዚያው ሳምንት መጠየቅ።

መ. ማመልከቻ ሲገባ፦ ሰነዶችን በግልጽ ስካን አድርጎ መጫን፤ የማመልከቻ ክፍያ ደረሰኝን መያዝ፤ ማመልከቻው መድረሱን የሚያሳየውን መልእክት ማስቀመጥ።

ሠ. ከምርጫ በኋላ፦ ዋናዎቹን ማስረጃዎች ይዞ በተወሰነው ቀን በአካል መመዝገብ። በቀኑ ያልተመዘገበ ተመራጭ ቦታው ለተጠባባቂ ሊሰጥበት ይችላል።

9. ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

*የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤቴ ዝቅተኛ ነው። ማመልከት ዋጋ አለው?*
የትምህርት ክፍሉ ዝቅተኛ ውጤት ካስቀመጠና አመልካቹ ከዚያ በታች ከሆነ ማመልከቻው አይታይም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የፈተና ውጤት፣ ቃለ መጠይቅና የሥራ ልምድ ተደምረው ስለሚታዩ ዕድሉ ክፍት ነው።

*ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ድጋፍ አለ?*
ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ አመልካቾች በመመሪያቸው መሠረት የድጋፍ ርምጃ ይወስዳሉ። ድጋፍ የሚፈልግ አመልካች ማስረጃውን ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ አለበት። ማየት የተሳነው ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለበት ተፈታኝ የፈተና ማመቻቸት የሚጠይቀው በምዝገባ ወቅት እንጂ በፈተናው ዕለት አይደለም።

*ስፖንሰር የለኝም። በግል ከፍዬ መማር እችላለሁ?*
ዩኒቨርሲቲው በግል ለሚከፍሉ ቦታ ከመደበ ይቻላል። ሆኖም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ አመልካች ለመደበኛ ትምህርት ከሥራ የሚለይ በመሆኑ ከአሠሪው ፈቃድ ወይም መልቀቂያ ይጠየቃል። የግዴታ አገልግሎቱን ያልጨረሰ ባለሙያ ከመልቀቁ በፊት ውሉን ይመልከት።

*ትምህርቱ በምን ቋንቋ ይሰጣል?*
በእንግሊዝኛ። የመመረቂያ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የመስክ ቃለ መጠይቅ ግን በተሳታፊው ቋንቋ ስለሚካሄድ የአካባቢ ቋንቋ መቻል ለተመራማሪው ትልቅ ሀብት ነው።

*ዘንድሮ ካልተመረጥኩ ምን ላድርግ?*
የተጓደለውን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ምክንያቱ ሰነድ ከሆነ በዓመቱ ሊሟላ ይችላል። ምክንያቱ የመስኩ ዕውቀት ወይም ልምድ ማነስ ከሆነ በመሥሪያ ቤት በበሽታ ቅኝት ሥራ መሳተፍ፣ የሦስት ወሩን የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ሥልጠና መጠየቅና የጤና ጣቢያውን መረጃ መተንተን ለቀጣዩ ዓመት ተወዳዳሪ ያደርጋል።

10. ማሳሰቢያ

ሐሰተኛ የትምህርት ወይም የሥራ ልምድ ማስረጃ ማቅረብ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከተመረቁ በኋላ ቢደረስበትም ዲግሪን ያሰርዛል። «ፈተና እናሳልፋለን»፣ «ቦታ እናስይዛለን» ለሚሉ ደላሎች ገንዘብ መክፈል አይገባም። የማመልከቻ ክፍያ የሚፈጸመው በማስታወቂያው በተገለጸው የባንክ ሂሳብ ወይም የክፍያ ዘዴ ብቻ ነው። ማመልከቻው አላግባብ ውድቅ ሆኖብኛል የሚል አመልካች የውጤት መግለጫውንና ደረሰኙን ይዞ በማስታወቂያው በተቀመጠው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በጽሑፍ ማመልከት ይችላል።

ከላይ የተዘረዘሩት መስፈርቶች ብዙ ቢመስሉም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው የሌሎችን የጤና መረጃ በታማኝነት ይሰበስባልን? ቁጥሩን ሳያዛባ ይተረጉማልን? በውጤቱስ ሰዎችን ይጠቅማልን? ወረርሽኝ በገባበት ወረዳ ክትባትና ባለሙያ የሚመደበው በእንዲህ ዓይነት ባለሙያ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ አመልካቾች ማስረጃቸውንም ዕውቀታቸውንም በዚሁ ጥንቃቄ እንዲያዘጋጁ ይመከራል።